ወሎ በሯን ብትዘጋ የሚቀርባት እንጂ የሚቀርላት የለም፦ «ግሎባላይዜሽን ሞቷል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን የወሎ ልጆች ከስልክ ስልክ የተቀባበልነው አንድ ጽሑፍ አለ። ላላነበበው ባጭሩ ልንገር። ጸሐፊው ግሎባላይዜሽን ሞቷል ይላሉ፤ አሜሪካ ቀረጥ ቆልላለች፣ ርዳታ ተቋርጧል፣ ሀብታሞቹ አገሮች ድንበራቸውን እያጠሩ ነው። ስለዚህ ወሎ የኮምቦልቻን ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የዓረብ አገሩን ጉዞ፣ የውጭ ርዳታንና ኢንተርኔትን ትታ «እንደ ድሮዋ ራሷን ችላ» ትኑር ይላሉ። ለዓለም የምትሸጠውም ነገር እንደሌላት ጨምረው ጽፈዋል።

ጽሑፉ በቁጭት የተጻፈ ነው፤ ቁጭቱ የእኔም ነው። የልጆቻችንን ጉልበት በርካሽ የገዛው፣ ድንጋያችንን በጥሬው የወሰደው ዓለም ብዙ ዕዳ አለበት። ከዚህ ቁጭት ተነስቶ «በሩን እንዝጋ» ማለት ግን ዕዳውን መሰረዝ ነው። የእኔ ሙግት አንድ ነው፤ ወሎ ከዓለም ጋር ትገናኝ ወይስ አትገናኝ የሚል ምርጫ የለንም፣ ኖሮንም አያውቅም። በእጃችን ሊገባ የሚችለው የምንገናኝበት ውል ነው።

መጀመሪያ «ሞቷል» የሚለውን ልይ። የዓለም ንግድ ከዓለም ጠቅላላ ምርት ጋር ሲነጻጸር እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ 60 በመቶ ደርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከፍ ዝቅ ይላል፣ በኮሮና ዓመት ወረደ፣ ተመልሶም አንሰራራ። ዕድገቱ ቆመ ቢሉ እስማማለሁ። የፈረሰው ሌላ ነገር ነው፤ ለትልቁም ለትንሹም አንድ ሕግ ይሠራል የተባለው ቃል። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ድርድሩ ሲጓተት ሃያ ዓመት አለፈው። በዚህ መሀል የድርጅቱ ይግባኝ ሰሚ አካል ዳኞች ሳይሾሙለት ቀርቶ ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ አቁሟል። መጋቢት 2017 ላይ ደግሞ አሜሪካ ከኢትዮጵያ በሚገባ ዕቃ ላይም 10 በመቶ ቀረጥ ጣለች። ትልልቆቹ ከሕግ ይልቅ በጉልበት መነጋገር ጀምረዋል ማለት ነው። ይህ ለደካማው የከፋ ጊዜ ነው፤ የከፋ ጊዜ መምጣቱ ግን ግንኙነቱ ተቋረጠ ማለት አይደለም።

እንዲያውም ግንኙነቱ ማንም ሳይጠይቀን ደጃችን ድረስ ይመጣል። ኅዳር 2016 ላይ ቀይ ባሕር ውስጥ መርከቦች መጠቃት ሲጀምሩ ትልልቆቹ የመርከብ ኩባንያዎች በደቡብ አፍሪካ ጫፍ መዞር ጀመሩ፤ የጭነቱም የመድኑም ዋጋ ናረ። የፎስፌት ማዳበሪያችን በብዛት የሚገዛው ከሞሮኮ ነው። መንገዱ ሜዲትራኒያንና ቀይ ባሕር ነው፤ የሚራገፈውም ጅቡቲ ላይ ነው። ስለዚህ የመን አጠገብ የተተኮሰ ሚሳይል የደላንታን ገበሬ ማሳ ይመለከታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰንም የደሴ ፒያሳ ነጋዴ ዘይቱንና መድኃኒቱን በአዲስ ዋጋ መሸጥ ጀመረ። ጸሐፊው «እንውጣ» ሲሉ በየትኛው በር እንደምንወጣ አልነገሩንም። ማዳበሪያውን እንተወው? የስኳር ሕመምተኛውን ኢንሱሊንስ?

«እንደ ድሮዋ» የሚለው ነጥብ ደግሞ ታሪክ አያውቀውም። ባቲ የሰኞ ገበያ የቆመው ወሎ ራሷን ዘግታ ስለኖረች አይደለም። አፋሩ ጨውና ግመሉን ይዞ ከበረሃ ይወጣል፣ ደገኛው እህሉን ይዞ ይወርዳል፣ አማራው፣ ኦሮሞውና አርጎባው እዚያው ይገበያያል፤ የገበያው ጀርባ ደግሞ ወደ ባሕር የሚወስድ የንግድ መንገድ ነው። አምባሰል ውስጥ ውጫሌ ላይ በ1881 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር የተፈረመውንም ውል እናስታውስ። ሙግቱ በአንቀጽ 17 ላይ ሲነሳ አባቶቻችን ከአውሮፓ ጋር ጨርሶ አንነጋገርም አላሉም፤ በዚህ ውል አንገዛም ነው ያሉት። ከዓድዋ ድል በኋላ በ1889 የአዲስ አበባው ስምምነት ያንን ውል ሻረው፤ የኢትዮጵያን ነጻነትም አጸና። ግንኙነቱ ከዚያ በኋላ ሰፋ እንጂ አልጠበበም።

ወደ ኮምቦልቻ ልምጣ። ጸሐፊው ፓርኩን «የባዕድ ፋብሪካ» ብለው፣ ባዶ የቆሙትን ሼዶች የግሎባላይዜሽን ውድቀት ምስክር አድርገዋቸዋል። ፓርኩ የተመረቀው ሐምሌ 2009 ላይ ነው፤ የገነባው የቻይና ተቋራጭ ነው፣ ከገቡት ባለሀብቶች መካከል የጣሊያንም የኮሪያም አሉ። የተሰፋው ልብስ ወደ አሜሪካ ያለቀረጥ የሚገባው በአጎዋ ዕድል ነበር። ያ ዕድል በታኅሣሥ 2014 በጦርነቱ ሰበብ ተወሰደ። ጦርነቱ ደግሞ ኮምቦልቻ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ፋብሪካዎች ተዘርፈዋል፣ ማሽኖች ተሰባብረዋል። እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር። ፓርኩን የጎዳው ከዓለም ጋር መገናኘቱ ሳይሆን ሰላም ማጣታችንና በአንዲት አገር መልካም ፈቃድ ላይ ብቻ መንጠልጠላችን ነው። አጎዋ መብት አልነበረም፤ ዋሽንግተን ሰጠች፣ ዋሽንግተን ነሳች። ትምህርቱ ገዥ ማብዛት ነው፤ ጎረቤት ኬንያ አለች፣ የአፍሪካ ነጻ የንግድ ቀጣና አለ፣ ባሕረ ሰላጤው አለ። ለራሳችን ሕዝብስ ለምን አይሰፋም? ደሴ ውስጥ ቦንዳ ልብስ ተሻምቶ የሚገዛው ሰው ገበያ አይደለም?

በደመወዙ ነጥብ ግን ከጸሐፊው ጎን እቆማለሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የኢትዮጵያ ልብስ ሰፊዎች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑንና ይህም ከዓለም ዝቅተኛው መሆኑን ጽፏል። ጥናቱ ያተኮረው ሐዋሳ ላይ ቢሆንም የኮምቦልቻ ልጆች ታሪኩ የነሱም እንደሆነ ይነግሯችኋል። ከቃሉና ከወረባቦ የመጣች ልጅ አንዲት ክፍል ከሦስት ከአራት ጓደኞቿ ጋር ትከራያለች። በፈረቃ ስለሚሠሩ አንዷ ስትነሳ ሌላዋ እዚያው ፍራሽ ላይ ትተኛለች። ቤት ኪራይና ምግብ ከተከፈለ በኋላ ለእናት የሚላክ አይተርፍም። ብዙዎቹ ዓመት ሳይሞላቸው ለቀው የሚሄዱት ወዴት መሰላችሁ? ወደ ዓረብ አገር ነው። ለግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ያልወሰነችው አገራችን ናት። ይህን የከለከለን የውጭ ኃይል የለም፤ በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ራሱ ወለሉን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይላል። ጸሐፊው ቁጣቸውን ወደዚህ ቢያዞሩት አብሬያቸው በጮህኩ።

ባቡሩንም አንርሳ። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድ በቱርክ ተቋራጭ ተጀምሮ፣ በውጭ ብድር ተሠርቶ፣ አገልግሎት ሳይጀምር ቆሟል። ብድሩ ግን አልቆመም። ከዓለም ጋር የሚያገናኘን መስመር ሳይሠራ ዕዳው ብቻ ከቀጠለ፣ የሁለቱንም ዓለም ክፉውን ወሰድን ማለት ነው።

አሁን ከሁሉ ያበሳጨኝን ነጥብ ላንሳ፤ «ወሎ ለዓለም የምትሸጠው የላትም» የሚለውን። ጸሐፊው ደላንታ ውስጥ ወገል ጤና ከተማ ወጥተው ያውቁ ይሆን? ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ደላንታ ገደል ውስጥ የሚወጣው ኦፓል በዓለም የከበሩ ድንጋዮች ገበያ የሚጠራው በእኛ ስም ነው፤ «ወሎ ኦፓል» ይሉታል። አሪዞና ውስጥ በቱሳን ከተማ በየዓመቱ በሚካሄደው ትልቁ የከበሩ ድንጋዮች ትርዒት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በካራት ይሸጣል። የወሎን ካርታ ከቶ ያላየ ጌጣጌጥ ሠሪ ወሎ የሚለውን ስም በዚህ ድንጋይ ያውቀዋል።

ድንጋዩን በእጁ ይዞ ላላየ ሰው ልንገር። ሲወጣ ከድቡልቡል ጭቃማ ዓለት ጋር ተጣብቆ ነው። ሰንጥቀው ፀሐይ ላይ ሲያዩት አረንጓዴው፣ ቀዩ፣ ሰማያዊው ውስጡ ይንቀሳቀሳል። ውኃ ውስጥ ሲነክሩት ቀለሙ ጠፍቶ እንደ መስታወት ጥርት ይላል፤ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። ይህ ባሕርዩ ከአውስትራሊያው ኦፓል ይለየዋል። ለማውጣት ግን ወጣቶቹ ከአምባው ጫፍ ብዙ ወርደው፣ ገደሉን ከጎን በዶማና በመሮ እየፈለፈሉ ይገባሉ። ዋሻው ድጋፍ የለውም። ሲደረመስ የሚቀበሩት የአርሶ አደር ልጆች ናቸው፤ ወገል ጤና ውስጥ ይህን ኀዘን ያልቀመሰ ቤተ ዘመድ መፈለግ ይቸግራል።

የወጣው ጥሬ ድንጋይ ከደላላ ወደ ነጋዴ፣ ከነጋዴ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያ በብዛት ወደ ሕንድ ይሄዳል። ጃይፑር ውስጥ በቤተሰብ ሱቆች ተቆርጦ፣ ተሞርዶ፣ ተወልውሎ ዋጋው ብዙ እጥፍ የሚሆነው እዚያ ነው። እንግዲህ በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የጎደለው ግንኙነት ነው? አይደለም። ድንጋዩ ከእኛ በፊት ዓለምን ዞሯል። የጎደለው መቁረጫ ማሽን፣ የሠለጠነ እጅ፣ ደረጃ መዳቢና ስሙን በሕግ የያዘ ባለቤት ነው።

ስም በሕግ መያዝ ደግሞ ሕልም አይደለም፤ ይህችው አገር አድርጋዋለች። ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስትነሳ ከስታርባክስ ጋር ብርቱ ክርክር ገጠማት። በመጨረሻ ኩባንያው በ1999 ዓ.ም. ስሞቹን ተቀብሎ የፈቃድ ስምምነት ፈረመ። ለይርጋጨፌ የተደረገው ለወሎ ኦፓል ለምን አይደረግም? ደሴ ላይ የድንጋይ መቁረጥ ሙያ የሚያስተምር አንድ ብርቱ የቴክኒክ ኮሌጅ፣ ወገል ጤና ላይ ለዋሻዎቹ ድጋፍ የሚያቆም አንድ የማዕድን መሐንዲስ፣ አዲስ አበባ ላይ ስሙን የሚያስመዘግብ አንድ ጠበቃ። የምጠይቀው ይህን ነው። በሩን የሚዘጋ ሰው ግን ከነዚህ አንዱንም አይጠይቅም።

የቃሉንና የሐርቡን ማሾም እዚህ ላይ ልጨምር። ማሾ እኛ ዘንድ የወጥ እህል ሆኖ አያውቅም፤ ገበሬው የዘራው እስያ ስለሚበላው ነው። በምርት ገበያ መገበያየት ከጀመረ በኋላ የቆላው ገበሬ ባጭር ጊዜ የሚደርስ፣ ትንሽ ዝናብ የሚበቃው የገንዘብ ሰብል አገኘ። ዋጋው ሲወድቅ ይጎዳል፤ መጎዳቱን አልክድም። ግን ማሾውን ንቀል ብትሉት አይሰማችሁም።

ሌላው የጸሐፊው ነጥብ ዓረብ አገር ነው። የሚሄዱትን ልጆች «ለምቾት የተሸነፉ» ይሏቸዋል፤ የሚልኩትም ገንዘብ ለቆርቆሮና ለስልክ እንጂ ለቁም ነገር አይውልም ይላሉ። ይህን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የአክስቴ ልጅ በሐይቅ ከተማ ደላላ አማካይነት ጂዳ ገባች። የመጀመሪያው ዓመት ደመወዟ ያለቀው የደላላውን ዕዳ በመክፈል ነው። ቀጥሎ የአክስቴ ቤት ሣሩ ወርዶ ቆርቆሮ ለበሰ፤ ጸሐፊው የናቁት ቆርቆሮ ክረምት ሲገባ እናት ያለችበት ቤት አያፈስም ማለት ነው። ከዚያ የታናሽ ወንድሟ የኮሌጅ ወጪ ተከፈለ፤ ዛሬ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ነው፣ ሌሊት ምጥ የያዛትን ሴት የሚቀበለው እሱ ነው። ለራሷ የገዛችውን ነገር ብፈልግ አጣሁ። አሠሪዋ ፓስፖርቷን ይዞባት፣ ስልኳን ቀምቷት ወራት የጠፋችበት ጊዜ ነበር፤ አክስቴ በየመስጊዱ ዱዓ እያስደረገች ቡናው ላይ ሁሉ «አብሽሪ» ስትባል ከረመች። ይህ ምቾት ይባላል?

በኅዳር 2006 ሳዑዲ ዓረቢያ ሕጋዊ ወረቀት የሌላቸውን ስታባርር ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ተመለሱ። ከነዚያ መካከል የወሎ ልጆች ብዙ ነበሩ። ከዚያ አንድ ወር ቀድሞ መንግሥታችን ወደ ዓረብ አገር መሄድን ከልክሎ ነበር። ጸሐፊው የሚመኙት በር መዝጋት ማለት ያ ነው፤ ተሞክሯል። ምን ሆነ? ልጆቹ አልቀሩም፤ መንገዱ ብቻ ተቀየረ። በባቲ በኩል ወደ አፋር፣ ከአፋር ወደ ጅቡቲዋ ወደብ ኦቦክ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን። እገዳው ደላላውን ነው ያከበረው። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 የሥልጠናና የሁለትዮሽ ስምምነት ሥርዓት ወጥቶ፣ በኋላም እገዳው ተነስቶ ሕጋዊው መንገድ የተከፈተው ይህ ሁሉ ሕይወት ካለፈ በኋላ ነው።

በሌላ በኩል ፊሊፒንስን ተመልከቱ። ልጆቿን የምትልከው ወደዚያው አገር፣ ለዚያው የቤት ሥራ ነው። ግን እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ለቤት ሠራተኞቿ በወር ከ400 ዶላር በታች የሆነ ውል አልፈቅድም ብላ ወለል አወጣች። እ.ኤ.አ. በ2018 አንዲት ዜጋዋ ኩዌት ውስጥ ተገድላ ስትገኝ ሠራተኛ መላክ አቆመች፤ ወራት ሳይቆይ ኩዌት ስምምነት ፈረመች፤ ከአንቀጾቹ አንዱ ሠራተኛዋ ፓስፖርቷን ራሷ እንድትይዝ የሚያደርግ ነው። ያቺ አገር ሀብታም ስለሆነች አይደለም የተሰማችው። ልጆቿን የምትቆጥር፣ ኤምባሲዋ ስልክ የሚያነሳ አገር ስለሆነች ነው። የአክስቴ ልጅ ስትጠፋ የደወልንለት ስልክ አይነሳም ነበር። ዓለም ዕቃችንን በቀረጥ ሲከለክል የልጆቻችንን ጉልበት ግን ይፈልገዋል፤ ሀብታሙ ዓለም እያረጀ ነው፣ ፈላጊው ይጨምራል። ስለዚህ የሚቀጥለው ሃያ ዓመት ትልቁ ድርድራችን በልብስ ላይ ሳይሆን በሰው ላይ ነው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ወሎ የሚናገርላት ትፈልጋለች።

ርዳታውን በተመለከተ ጸሐፊው የአሜሪካ የርዳታ ድርጅት ሰኔ 2017 ላይ መዘጋቱን «ነጻነት» ብለውታል። ይህን ቃል ለወሎ ሰው መጻፍ ድፍረት ይጠይቃል። በ1965 እና 66 ረሀብ ጊዜ የንጉሡ መንግሥት ጉዳዩን ደብቆ ሕዝባችን በመኪና መንገድ ዳር እየወደቀ አለቀ። ምስጢሩ የወጣው ጥቅምት 1966 የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ባሳየው ዘገባ ነው። በ1977ም ያኔ የወሎ ክፍለ ሀገር አካል ከነበረችው ኮረም የተላለፈው ምስል ዓለምን አስነሳ። ተዘግቶ መሞትን ከወሎ በላይ የሚያውቅ የለም። በዚያ ረሀብ ማግስት እ.ኤ.አ. በ1985 የተቋቋመው የአሜሪካኖቹ የረሀብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ጥር 2017 ላይ ርዳታው ሲታገድ ሥራው ተቋርጦ ነበር። ስለ ስንዴው ብዙ ተወርቷል፤ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ይኼኛው ነው። ድርቅ መምጣቱን ቀድሞ የሚነግር ዓይን ሲጠፋ ማን ያያል?

ርዳታ ክብር ይነካል ቢሉ እስማማለሁ። ሆኖም ከ1997 ጀምሮ በሴፍቲኔት ታቅፎ እርከን የሠራውን፣ የተራቆተ ጋራ ያለበሰውን የዋግና የላስታ ጎረቤታችንን፣ የደላንታና የአምባሰልን ገበሬ ለማኝ ብሎ መጥራት አይገባም፤ ሠርቶ ነው የበላው። ከርዳታ መውጣት የሚቻለው በራስ ገንዘብ የሚቆም የራስ ማስጠንቀቂያና የራስ መጠባበቂያ እህል ሲኖር ነው። እስኪኖር ድረስ ርዳታ ተቋረጠ ብሎ ማጨብጨብ በሰው ረሀብ ላይ ማጨብጨብ ነው።

የመጨረሻው ነጥባቸው ኢንተርኔት ነው። ባህላችንን አጠፋው፣ መንዙማውንና አምባሰሉን አስረሳው ይላሉ። እኔ የማየው ተቃራኒውን ነው፤ የሼሆቹ መንዙማ ከመጅሊስ ወጥቶ ጂዳና ቤሩት ያለችውን ልጅ ጆሮ የደረሰው በስልክ ነው። ያም ሆነ ይህ ጸሐፊው የሚመኙት ነገር ተሞክሮልናል። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። በዚያ ጊዜ ባህል ሲያብብ አላየንም። ላሊበላ ያለ አስጎብኚ ለእንግዳው መልስ መላክ አቃተው፤ እንግዳውም ቀረ። ደሴ ላይ ሆኖ ለውጭ ደንበኛ በኮምፒውተር የሚሠራ ወጣት ሥራውን አጣ፣ ወይም አዲስ አበባ ወርዶ ክፍል ተከራየ። ሪያድ ያለች ልጅዋን በኢሞ እያየች የምትነጋገር እናት ልጅዋን ማየት ቀረባት። ጸሐፊው መልስ የሚጽፉልኝ ከሆነ ከዚህ ይጀምሩልኝ፤ በነዚያ ወራት ወሎ ያተረፈችውን አንድ ነገር ይጥቀሱልኝ።